የሚጠበቅና የሚጣል ጽሑፍ፤ ስለ ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት

ታሪክ የሚጻፈው ተጠብቆ ከቈየው ጽሑፍ ነው። ያልተጠበቀ ጽሑፍ፥ የያዘው ነገር ምንም ያህል እውነትና ጠቃሚ ቢሆን፥ ከጊዜ ብዛት እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ስለዚህ ታሪክ ጸሓፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ሌላ ሰው አስቀድሞ ሥራውን አቅንቶለታል ወይም አጕድሎበታል፤ ይኸውም በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ «ይህ ይግባ፤ ያ ይቅር» እያለ የሚለየው ሰው ነው። የዚህ ሰው ፍርድ በአደባባይ አይነገርም፤ በአዋጅም አይሰማም። ነገር ግን ከደጅ የተመለሰውን ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የፍርዱ ክብደት ያን ጊዜ ይታወቃል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ የሚሆነውን ጽሑፍ በምን ሚዛን እንደሚመርጥ፥ ከምርጫውም ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ ለመመርመር፥ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ያለው የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት መልካም ምሳሌ ነው። ይህ ቤት ከ400 ዓመት በላይ የቈየ ከመሆኑም ሌላ የመጻሕፍቱን ዝርዝር በየዘመኑ እያሳተመ ስላኖረ፥ የመረጠውን ብቻ ሳይሆን የናቀውንም ለማወቅ ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

በኦክስፎርድ ከቦድሊ በፊት ሌላ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። የንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ወንድም የሆነው የግሎስተር መስፍን ሃምፍሪ በ15ኛው ምእት ዓመት ከ280 የሚበልጡ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ዩኒቨርሲቲውም ስለ ስጦታው ክብር የመንፈሳዊ ትምህርት ከሚሰጥበት አዳራሽ በላይ አዲስ ክፍል ሠርቶ በ1488 ፈጸመው። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፥ በ1550 ስለ ሃይማኖት ለውጥ የተሾሙት መርማሪዎች መጥተው የቀድሞውን ሥርዐት ያስታውሳል ያሉትን መጽሐፍ ሁሉ አስወጡ። ከፊሉ ተቃጠለ፤ ከፊሉም ተሸጠ። በ1556 ዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ ለሌለበት ክፍል መደርደሪያ አያስፈልግም ብሎ መደርደሪያውን ሸጠ። ከመስፍኑ ስጦታ ተፈልገው ወደ ቤቱ የተመለሱት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነበረ፤ መራጮቹ የጠሉትን ትምህርት እናጠፋለን ሲሉ፥ የአገራቸውን ያለፈ ዘመን ምስክር አብረው አጠፉ።

ቶማስ ቦድሊ ይህ ክፍል ባዶውን በነበረበት ዘመን በኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነው። በንግሥት ኤልሣቤጥ ተልኮ በሆላንድ አገር ብዙ ዓመት በመልክተኛነት ካገለገለ በኋላ፥ ከመንግሥት ሥራ ተሰናብቶ በ1598 ለዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ደብዳቤ ጻፈ፤ ክፍሉን በራሱ ገንዘብ አድሶ መጻሕፍት ሊሞላበት ፈቃድ ለመነ። ገንዘቡም አላጠረውም፤ ያገባት ባልቴት የፊተኛ ባሏ በዓሣ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበረና። ቤተ መጻሕፍቱ በ1602 ሁለት ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዞ ተከፈተ።

ቦድሊ መጽሐፍ ሲመርጥ ብዙ ይጠነቀቅ ነበር። ጆን ቢል የሚባለውን የሎንዶን መጽሐፍ ነጋዴ ወደ ኢጣሊያና ወደ ሌሎችም አገሮች እየላከ በዚያ የሚገኘውን መጽሐፍ አስገዛ። የቤቱ የመጀመሪያ ሹም ቶማስ ጄምስ በ1605 ያሳተመው ዝርዝር መጻሕፍቱን በአራት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም መንፈሳዊ ትምህርት፥ ሕክምና፥ ሕግና ልዩ ልዩ ጥበባት ናቸው። ታሪክ የብቻው ክፍል አልነበረውም፤ ከጥበባት ጋራ ተቈጥሮ ነበር። በኦክስፎርድ የዘመናዊ ታሪክ ትምህርት ከሕግ ተለይቶ ራሱን የቻለው በ1872 ነው። ስለዚህ ታሪክ በዩኒቨርሲቲው የራሱ መምሪያ ያለው ትምህርት ከመሆኑ በፊት፥ ለታሪክ የሚሆነው ጽሑፍ በዚያ ቤት ሲመረጥና ሲጣል 270 ዓመት አልፎ ነበር። መራጮቹ ለታሪክ እየመረጡ መሆናቸውን አላወቁም።

የቦድሊ አስተዋይነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በቻይና መጻሕፍት ነው። በ1604 የመጀመሪያው የቻይና መጽሐፍ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ኦክስፎርድ ይቅርና በእንግሊዝ አገር ሁሉ ያን ፊደል የሚያነብ አንድ ሰው አልነበረም። ቦድሊ ግን የሚያነበው የለም ብሎ አልመለሳቸውም። አንባቢውም ሰማንያ ዓመት ያህል ቈይቶ መጣ፤ ሼን ፉዞንግ የሚባል ክርስቲያን ቻይናዊ በ1687 ኦክስፎርድ ደርሶ፥ በዚያን ጊዜ የቤቱ ሹም ከነበረው ከቶማስ ሃይድ ጋራ ተቀምጦ መጻሕፍቱን እያነበበ ምንነታቸውን ነገረው፤ ዝርዝራቸውም ያን ጊዜ ተጻፈ።

ከሩቅ አገር የመጣውንና ማንም የማያነበውን መጽሐፍ በክብር የተቀበለው ይኸው ሰው፥ በደጁ የሚታተመውን ያገሩን ቋንቋ ጽሑፍ ግን ይንቅ ነበር። በ1610 ከሎንዶን የአታሚዎች ማኅበር ጋራ ውል አደረገ፤ ማኅበርተኞቹ ከሚያትሙት አዲስ መጽሐፍ ሁሉ አንዳንድ ቅጅ ለቤቱ በነጻ ይሰጡ ዘንድ ተስማሙ። ነገር ግን በዚያ ከተማ ከሚታተመው መካከል የቲያትር መጻሕፍት፥ የዓመት መቍጠሪያዎችና ተራ ነገር የሚያወሩ ትንንሽ ጽሑፎች እጅግ ብዙ ነበሩ። ቦድሊ በ1612 ለቶማስ ጄምስ በጻፈለት ደብዳቤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከጥራጊ ቈጠረው። ከአርባ የቲያትር መጽሐፍ አንዱ እንኳ ለመጠበቅ የሚገባው በጭንቅ እንደሚገኝ፥ ጥቂት ጥቅም ቢኖረውም በቤቱ ክብር ላይ የሚያመጣው ነቀፋ እንደሚበልጥ አስረዳው።

በቦድሊ ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። ቤቱ አዲስ ነበረ፤ ክፍሉም ጠባብ ነበረ። መጽሐፍ ሁሉ የሚጠርዝ፥ የሚመዘግብ፥ የሚያጸዳና የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ለዚህም ሁሉ ደመወዝ ያስፈልጋል። የቀረበለትን ሁሉ ያለ ልዩነት የሚቀበል ቤት በጥቂት ዓመት ውስጥ ፈላጊው የሚሻውን ሊያገኝበት የማይችል ክምር ይሆናል። ደግሞም በዚያ ዘመን ቲያትር የገበያ ሕዝብ መዝናኛ እንጂ የሊቃውንት ትምህርት አልነበረም። የቦድሊ ጕድለት መምረጡ አይደለም፤ የመረጠበት ሚዛን ነው። «ይህ ጽሑፍ ለቤቱ ክብር ይሆናልን?» ብሎ ጠየቀ፤ «ይህ ጽሑፍ ስለ ዘመኑ ምን ይመሰክራል?» ብሎ አልጠየቀም።

ቦድሊ በ1613 ሞተ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1623፥ የሼክስፒር የቲያትር ድርሰቶች በአንድ ትልቅ ጥራዝ ተሰብስበው ታተሙ። በውሉ መሠረት አንድ ቅጅ ወደ ኦክስፎርድ ተላከ፤ ተጠርዞም እንደ ዘመኑ ልማድ በመደርደሪያው ላይ በሰንሰለት ታሰረ። በ1664 የዚያው መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ተጨማሪ ድርሰቶች ይዞ በወጣ ጊዜ፥ የቤቱ ሹማምንት አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል ብለው የፊተኛውን እንደ ትርፍ መጽሐፍ ሸጡት። በዚያን ጊዜ ይህን ስሕተት ነው ያለ ሰው አልተሰማም፤ አዲሱ እትም ከአሮጌው የተሟላ መስሎ ይታይ ነበረና። ከዚያ በኋላ የቤቱ መዝገብ ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይናገር 240 ዓመት ያህል አለፈ።

በ1905 አንድ ወጣት የቤተ ሰቡን አሮጌ መጽሐፍ ስለ ጥርዙ ምክር ሊጠይቅ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። የቤቱ ሠራተኞች ጥርዙን መርምረው፥ ሰንሰለቱ የነበረበትን ምልክት አይተው፥ አባቶቻቸው የሸጡት መጽሐፍ መሆኑን ዐወቁ። በዚህ መካከል አንድ አሜሪካዊ ባለጠጋ 3,000 ፓውንድ ሊሰጥበት ቀረበ። ቤተ መጻሕፍቱ ያን ያህል ገንዘብ ስላልነበረው ወዳጆቹን ሁሉ መዋጮ ለምኖ በ1906 በዚያው ዋጋ ገዛው። በነጻ መጥቶ በትርፍነት የወጣ መጽሐፍ በሕዝብ ልመና ተመለሰ።

የቲያትር መጽሐፍ ለድርሰት ወዳጆች እንጂ ለታሪክ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ የጆርጅ ቶማሰን ነገር ይመልስለታል። ቶማሰን በሎንዶን ከተማ መጽሐፍ ሻጭ ነበረ። ከ1640 ጀምሮ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛና የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተጣልተው የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በየመንገዱ የሚሸጠውን ትንንሽ ጽሑፍና ጋዜጣ፥ የንጉሡን ወገን ከምክር ቤቱ ወገን ሳይለይ፥ ይሰበስብ ጀመር፤ በብዙዎቹም ላይ ጽሑፉን ያገኘበትን ቀን በእጁ ጻፈ። እስከ 1661 ድረስ 22,000 ያህል አከማቸ። ንጉሡ ራሱ አንዱን ጽሑፍ ከእርሱ ተውሶ በጕዞ ላይ ሳለ ጭቃ ውስጥ እንደ ጣለው፥ የጭቃውም ምልክት በወረቀቱ ላይ እንደ ቀረ ይነገራል።

ይህ ስብስብ ለጥቂት ዘመን በኦክስፎርድ ተቀምጦ ነበር። የቦድሊ ቤት ሹም የነበረው ቶማስ ባርሎው ለቤቱ እንዲገዛ ቢደክምም አልሆነለትም። ስብስቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኖሮ በ1762 ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በ300 ፓውንድ ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠው። ስለዚያ ጦርነት የሚጽፍ ሊቅ እስከ ዛሬ የቶማሰንን ወረቀቶች ይመረምራል፤ ወሬው በየትኛው ሳምንት እንደ ተሰማ፥ ሕዝቡም ምን እንዳመነና ምን እንደ ፈራ ከእነርሱ ይማራል። ከነገሥታቱ ትእዛዝና ከጦር አለቆቹ መዝገብ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ለኦክስፎርድ ካሣ የሆኑለት ስጦታ የሰጡት ሰዎች ናቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ካህን የነበረው ሮበርት በርተን በ1640 ሲሞት መጻሕፍቱን ተናዘዘ፤ ከእነርሱም መካከል ቦድሊ በሕይወቱ ሳለ የማይቀበላቸው ዓይነት የቲያትር፥ የቀልድና የወሬ ጽሑፎች ብዙዎች ነበሩ። በ1821 የኤድመንድ ማሎን የቲያትር መጻሕፍት ስብስብ በስጦታ ገባ። ቤቱ በሕጉ የዘጋውን በር፥ ከሞቱ ወዳጆቹ ለክብራቸው ሲል ከፈተው።

በ20ኛው ምእት ዓመት የቦድሊን ሚዛን ፈጽሞ የገለበጠ ሰው ከዚያው ከተማ ተነሣ። ጆን ጆንሰን በወጣትነቱ በግብፅ አገር የጥንት ከተሞችን የቈሻሻ ክምር እየቈፈረ ፓፒሩስ የሚፈልግ ሊቅ ነበረ። እንዲህ ካለው ክምር የሚወጣው የጥንት ሰዎች ያነበቡት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ተጠቅመው የጣሉት ደረሰኝ፥ የግብር ወረቀት፥ ውልና የግል ደብዳቤ ይበዛል። የዚያን ዘመን ሕዝብ እንዴት እንደ ገዛ፥ እንደ ሸጠ፥ እንደ ተጋባና እንደ ተካሰሰ ሊቃውንት ያወቁት በዚህ ነው። ጆንሰን በኋላ የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ሹም ሲሆን፥ ከጥንት ሰዎች ጥራጊ ይህን ያህል ዕውቀት ከተገኘ፥ የኋለኛው ዘመን ጥራጊ ከመቀበሩ በፊት መሰብሰብ ይገባዋል ብሎ ተነሣ። የሱቅ ማስታወቂያ፥ የሒሳብ ወረቀት፥ ቲኬት፥ የቲያትር መጥሪያ፥ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት፥ የዕቃ መጠቅለያ ሳይቀር ሰብስቦ በየዓይነቱ ለየ። እርሱ በ1956 ሞተ፤ ስብስቡም በ1968 ወደ ቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ። ቍጥሩ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ቦድሊ ጥራጊ ብሎ ከደጅ የመለሰው ዓይነት ጽሑፍ ከ350 ዓመት በኋላ በስሙ በሚጠራው ቤት ውስጥ የክብር ቦታ አገኘ።

ዛሬ በዚያ ቤት ምርጫው በአንድ ሰው ውድና ጥል የሚፈጸም አይደለም። በአገሩ የሚታተመው መጽሐፍ በሕግ ይደርሰዋል፤ በ1610 ውል የተጀመረው ልማድ በ2003 በወጣው ሕግ ጸንቶ፥ ከ2013 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚወጣውንም ጽሑፍ ይጨምራል። በውጭ አገር የሚታተመውን መጽሐፍ፥ የብራናውን ጽሑፍና የግለ ሰዎችን ደብዳቤ ግን በግዢ ወይም በስጦታ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህም በየትምህርቱ ዓይነት የሠለጠኑ መራጮች አሉ። የታሪክ መራጭ የመምህራኑንና የተማሪዎቹን ልመና ይሰማል፤ ከዚያም ብዙ ነገር ይመዝናል። ነገሩ በዩኒቨርሲቲው ይመረመራልን? በቅርብ ባለ ሌላ ቤት ይገኛልን? ጽሑፉ ራሱ ምስክር ነውን ወይስ ስለ ምስክር የተጻፈ ሐተታ? ቋንቋውን የሚያነብ አለን? ለጥገናውስ የሚበቃ ገንዘብ ይገኛልን? ቦታም ሲጠብ በ1664 እንደ ተደረገው ትርፍ ነው ብሎ ለመሸጥ አይቸኰልም፤ በ2010 ከኦክስፎርድ ራቅ ብሎ በስዊንደን 8 ሚሊዮን ያህል ጥራዝ የሚይዝ ጎተራ ተሠርቶ፥ ፈላጊው ያነሰው መጽሐፍ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲጠየቅም ይመጣል።

የኢትዮጵያ ጽሑፍም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጐንደር ገብቶ ሲመለስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእነርሱ መካከል በአውሮጳ ሙሉው ጠፍቶ በኢትዮጵያ በግዕዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በሦስት ቅጅ ነበረ፤ አንዱ ቅጅ በ1774 ወደ ቦድሊ ቤት ገባ። ይህም እንደ ቻይናው መጽሐፍ ተርጓሚውን ሲጠብቅ ቈይቶ፥ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ከብሩስ የቀሩትን መጻሕፍት ቤቱ በ1843 ገዛቸው፤ በውስጣቸውም የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል ይገኛል። ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን በ1848 ዝርዝራቸውን አሳተመ።

በኢትዮጵያ የታሪክን ምስክር የመጠበቅ ልማድ ከማናቸውም ዩኒቨርሲቲ የቀደመ ነው። በአድባራትና በገዳማት የመሬት ስጦታ፥ የርስት ፍርድ፥ የንዋየ ቅድሳትና የመጻሕፍት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌሉ የከበረ ስለ ሆነ በላዩ የተጻፈውም ይጠበቅ ነበረና። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ምእት ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሰጡት ወንጌል ላይ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። በሽምዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌልም የዛጕዌ ነገሥታትን የመሬት ስጦታ ይዟል፤ ከዚያ ዘመን የተረፈው የጽሑፍ ምስክር ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ታላቅ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ርእሱን ብቻ በሚያይ መራጭ እጅ ቢወድቅ «አራቱ ወንጌል አለን፤ ይበቃናል» ብሎ ሊመልሰው ይችል ነበር። ኦክስፎርድ የሼክስፒርን መጽሐፍ የሸጠው በዚሁ አነጋገር ነው።

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ያዙ፤ በኢትዮጵያ የታተመውንና ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውንም ለይተው ይሰበስቡ ጀመር። በ1963 በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሆይናትስኪም የተቋሙን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አደራጁ። በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጋራ ተስማምታ የብራና መጻሕፍት በየደብሩ በፊልም ይነሡ ጀመር፤ በሺሕ የሚቈጠሩትም ተነሥተው ቅጂያቸው በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ጽፈዋል። መጽሐፉ ከደብሩ ሳይወጣ ምስሉ መጠበቁ፥ ከብሩስ ዘመን አሠራር እጅግ ይሻላል።

ነገር ግን ብራና ክብሩ ይጠብቀዋል፤ የሚያሠጋው የወረቀቱ ነገር ነው። በከተማ ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ለቅመም መጠቅለያና ለግድግዳ መለጠፊያ ሲሆን ኖሯል። የዕድር መዝገብ ሲሞላ አዲስ ይገዛል፤ አሮጌው የት እንደ ገባ አይጠየቅም። የነጋዴ ሒሳብ፥ የሠርግ መጥሪያ፥ የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ፥ የተማሪ ደብተር ቦታ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። የሕዝቡን ኑሮ፥ የእህልን ዋጋ፥ የመንደርን ስም ለመመርመር የሚነሣ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።

ሁሉን መጠበቅ ለማንም ቤት አይቻልም፤ የኦክስፎርድም ታሪክ ይህን አያዝዝም። የሚያስተምረው፥ መራጭ የዘመኑን ክብርና ነቀፋ ብቻ ሚዛን እንዳያደርግ፥ ርእሱን አይቶ ትርፍ ነው እንዳይል፥ ለመጣል ከመቸኰሉ በፊት ምስክሩ በሌላ ስፍራ መኖሩን እንዲመረምር ነው። ቤተ መጻሕፍት የሌለው ሰውም ቢሆን የቶማሰንን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት ከየት እንደ መጣና በየትኛው ቀን እንደ ደረሰው በጀርባው ቢጽፍበት፥ ለሚቀበለው ቤትም ቢያስረክበው፥ ለሚመጣው ታሪክ ጸሓፊ የሥራውን እኵሌታ ፈጽሞለታል።